ላይ

«አባ፣ አፕ ምንድን ነው?» «ላይ ነዋ!» መለስኩላት፤
ሣቀች ልጄ ይታይሽ፣ ትርጉሙ ገጽ ሞልቶላት።
«መነሣትም እሱ፣ ተስፋ መቁረጥም እሱ፣
ማደግም እሱ ነው፣ ዝም ማለትም እሱ።
አንዲት ሚጢጢ ቃል ስንቱን ተሸከመች!»
ብላ ተገረመች።

እኔ የውሃ ፍሳሽ፣ መፍቻ ተሸካሚ፣
እንግሊዝኛን ከሩቅ እንደ ቅዳሴ ሰሚ፣
ማለዳ ስወጣ ግን የገዛ ቃሌ ተከተለችኝ፤
በየታጠፍኩበት ሌላ ፊት አሳየችኝ።

ጎንደር ዳገት ናት። ውሃ ዳገት አይወድም።
ከአንገረብ ተነሥቶ፣ ተገፍቶ፣ ተለምኖ፣
ፒያሳ ላይ ሲደርስ ይቀራል ጉም ሆኖ።
ነገሥታቱም ቢሆኑ፣ ግንቡን ላይ ሠርተው፣
መዋኛውን ቀሃ ዳር አኖሩት፣ ጠባዩን አውቀው።

ላይ ሰፈር ያሉቱ ጄሪካን ደርድረው፣
እጀታ ለእጀታ በገመድ አሥረው፣
ገና ሲያዩኝ ቆሙ፤ «ዛሬስ ይወጣል ወይ?»
«እኔ ምን ላድርገው፣ ትእዛዙ ከላይ...»
ከላይ ሲባል እኛ ጋ ሰማይ ማለት አይደለም፤
ወንበር ነው፤ ኮት አለበት፤ ባለኮቱ የለም።
እማማ አንጓች ግን ይህን ቃል ሲሰሙ
ሽቅብ ተመልክተው፣ አማትበው ቆሙ።
«ከላይ ከሆነማ፣ ምን ይደረጋል?» አሉኝ፤
አፌን ያዝ አረግኩኝ።

ቆጣሪያቸው ዞሯል። አየር ነፍቶት ዞሯል።
ባለፈው ዕዳ ላይ አዲስ ዕዳ ሰፍሯል።
ላይ በላዩ ማለት ሌላ ምን ይሆናል?

«የት ነህ?» አለች ሚስቴ። «ሥራ ላይ ነኝ» አልኳት፤
እስከ ወገቤ ጉድጓድ ውስጥ፤ ያን ግን አልነገርኳት።

ነፍስ ይማር፣ አባቴ የመጽሐፍ መምህር፣
«ታች ቤት ነኝ» ይል ነበር ዳገት ላይ ሲኖር።
አለቃ ማንደፍሮ፣ ከቆላው በኩል ያሉት፣
ላይ ቤት ነበሩና፣ ያው ነው፣ ተገናኝተው ካልተሟገቱ አይሆንላቸውም።
በአንዲት ቃል ተይዘው ጀምበር ትጠልቃለች፤
«አንድም...» «አንድም...» ሲሉ ወጧ ትቀዘቅዛለች፤
እናቴ በር ላይ ሆና «አንድም ብሉ!» ትላለች።

አልጋ ላይ የዋለ ሰሞን አስጠራኝና
«ላይ ላዩን አትየው» አለኝ፣ ቀስ አለና።
ምኑን እንደሆነ ሳይነግረኝ ቀረ፤
ልጁ መሬት መስሎት ይኸው ቆፈረ፣ ቆፈረ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት መጣ ድንገት፤
ሞተሩ አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ መሬት።
የላይ ሰፈሩን ቫልቭ ክፈት ያለኝ የለም።
እጄ ግን መፍቻው ላይ፣ መፍቻው ቫልቩ ላይ፤
ሦስቴ አዞርኩት፣ አራቴ፣ ማንንም ሳላይ።

ከዚያ ቱቦው ሳለ። መጀመሪያ አየር፣
ቀጥሎ ዝገት፣ ልክ እንደ ቀይ አፈር፣
ቀጥሎ... ዳገቱን ሲያያዘው ሰማሁት፤
በየመታጠፊያው ሲያርፍ፣ ሲነሣ ቆጠርኩት።
ከቁልቋሉ ወዲያ አንድ ባዶ ጄሪካን ጮኸ፤
ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሌላ፤
ድምፃቸው እየቀጠነ፣ እየሞላ፣ እየሞላ።
አንዲት አሮጊት በጨለማ እልል ልትል ጀምራ
ጎረቤት እንዳትቀሰቅስ አፏን ያዘች መሰለኝ፤ ተወችው።

ነገ ይጠሩኛል። ይመጣል ባለኮቱ፤
እኔ ላይ ይጮኻል፣ እኔ ላይ ነው ጥፋቱ።
ይሁን።

ይታይሽ ደብተሯ ላይ እንቅልፍ ጥሏታል፤
የፊደሉ ቀለም ጉንጯ ላይ ታትሟል።
እስክሪብቶ አነሣሁ፤ ጣቴ ጭቃ ነበር፤
ከመምህሯ ትርጉም ሥር ጨመርኩ አንድ መስመር፦

«አንድም፣
በሌሊት ተነሣሁ፣ ሳልታዘዝ ከላይ፤
ዳገቱን ወጣሁኝ፣ ውሃ ሲደርስ ላይ።»